ጓሮ ሲታመም፦ የሚድነውና የሚነቀለው

«ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፤ ምን ልርጭበት?» በጓሮው ጎመንና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የዋህ ይምሰል እንጂ መልሱን ይዞ የመጣ ነው። ጠያቂው ተክሉን በሽታ እንደያዘው ወስኗል፤ የሚረጭ ነገር እንዳለውም ወስኗል፤ የቀረው የመድኃኒቱን ስም መስማት ብቻ ነው። የእርሻ መድኃኒት ሻጩም አያሳፍረውም፣ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ይሰጠዋል። ጎረቤት አመድ ነስንስበት ይላል፤ አክስት የነጭ ሽንኩርት ውሃ ታዛለች፤ ዩቲዩብ የእንቁላል ቅርፊት ይላል። ሁሉም ያዛል፤ ሥሩን ቆፍሮ ያየ ግን የለም።

ስለ ጓሮ አትክልት ሕመም የሚባለውን፣ የሚደረገውንና በምርምር የተረጋገጠውን ጎን ለጎን ማየት ጠቃሚ የሚሆነው ለዚህ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እንደ እኔ እምነት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ጓሮዎች «በሽታ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ውሃ፣ አፈርና ወቅት ያመጡት ጉዳት ነው፤ ይህ ይድናል። እውነተኛው በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከያዘ በኋላ አይድንም፤ ይነቀላል። እኛ የምናደርገው ግን የተገላቢጦሹን ነው፦ ሊድን የሚችለውን በመድኃኒት እናቃጥላለን፣ መነቀል ያለበትን እናስታምማለን።

መለየቱ የሚጀምረው ከቅጠሉ ሳይሆን ከመደቡ ነው። ጥቂት ርቆ ቆሞ ጉዳቱ እንዴት እንደተሰራጨ ማየት ይበቃል። ጎመኑም፣ ቆስጣውም፣ ቃሪያውም በአንድ ሳምንት አብረው ከገረጡ ጥፋተኛው ተባይም ፈንገስም ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ቲማቲም የሚያጠቃ ተሕዋስ ቆስጣን እምብዛም አይነካም፤ ዝርያ ሳይለይ ሁሉንም እኩል የሚመታው ውሃ፣ ብርድ፣ የአፈር ጉድለት ወይም የተረጨ ኬሚካል ነው። ሕይወት ያለው ጠላት ግን ከአንድ ጥግ ይነሣል፣ ከአንድ ተክል ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ዛሬ ሦስት ቅጠል ከነካ ከነገ ወዲያ ሰባት ይነካል። አንድ ሌሊት ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ ያልጨመረ ጉዳት ውርጭ ወይም ቃጠሎ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ከታች ያለው ቅጠል ነው ወይስ ከላይ ያለው የታመመው የሚለው ነው። ይህች ጥያቄ ብዙ ወጪ ታድናለች። ናይትሮጅን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ይችላሉ። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለቀንበጡ ይሰጣል፤ ስለዚህ ታችኛው ቅጠል ቀድሞ ይከሳል። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከሰፈሩበት አይነሡም፤ እጥረታቸው የሚታየው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው። ታችኛው የቆስጣ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሎታል። አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ቢጫ ካለ ማግኒዚየም ነው። ያው መልክ በአዲሱ ቅጠል ላይ ከታየ ብረት ነው። የአሮጌው ቅጠል ዳርና ዳሩ እሳት እንደላሰው ሲደርቅ ደግሞ ፖታሲየምን መጠርጠር ነው።

ቅጠል ግን ይዋሻል፤ ሥር አይዋሽም። ከታመሙት መካከል በጣም የከፋውን አንዱን መሥዋዕት አድርጎ ከነአፈሩ በአካፋ ማውጣትና በባልዲ ውሃ ቀስ አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ አለው፣ ጠንከር ይላል፣ የሚሸተውም አፈር ነው። ውሃ ያፈነው ሥር ቡናማ ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ልጡ ሾልኮ ይወጣና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል፤ ሽታውም የረጋ ውሃ ነው። ሥሩ ላይ እብጠት ቢገኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎሶሊያ ወይም ባቄላ ከሆነ በጥፍር ነካ ሲደረግ የሚረግፈውና ውስጡ ሮዝ የሆነው እንክብል ናይትሮጅን የሚሠራለት ባክቴሪያ ቤት ነው፤ ሊያስደስት እንጂ ሊያሳስብ አይገባም። በቲማቲም ወይም በካሮት ላይ ግን ሥሩ ራሱ አብጦ ቋጠሮ ከሠራና እብጠቱ ካልረገፈ ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ የሥር ትል ገብቷል።

ወደ ውሃው ልምጣ፤ ነገሩ የሚበዛው እዚህ ነው። ተክል ሲጠማም ይጠወልጋል፣ ውሃ ሲያፍነውም ይጠወልጋል፤ ከላይ ሲያዩት መልኩ አንድ ነው። ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ስለዚህ ተክሉ በውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ ጠወለገ ብሎ ይጨምርለታል። ብዙ ቃሪያ የሚሞተው በዚህ ዓይነት ደግነት ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ ማስገባት ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ እርጥብ ከሆነና ተክሉ ከጠወለገ ችግሩ ጥማት አይደለም። ሰዓቱም ይናገራል። ዱባና ዝኩኒ በቀትር ፀሐይ ቅጠላቸውን ቢጥሉ ምንም አይደል፤ ትልቅ ቅጠል የሚያተንነው ውሃ ሥር ከሚያመጣው ይበልጣል፣ አመሻሽ ላይ ይነሣሉ። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ጠውልጎ የተገኘ ተክል ግን በእርግጥ ታሟል።

የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ ሌላ የሚቆምበትን አፈር ማወቅ አለበት። ወደ ቦሌ፣ አቃቂና ቃሊቲ በኩል የሚበዛው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ጭቃ ተጣብቆ ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ የሥሩን ጭራሮ አብሮ ይበጥሳል። ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃ በደንብ ያሳልፋል፤ የእሱ ችግር ወደ አሲዳማነት ማዘንበሉና ፎስፈረስን አጥብቆ መያዙ ነው። በጥቁር አፈር ላይ የጠወለገን ጎመን ለማዳን ከሁሉ በፊት የሚሠራው ከመደቡ ዙሪያ ቦይ መቅደድና መደቡን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ሀገራችን ይህን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የሰሜን ሸዋና የመሐል ደጋ ገበሬ ጥቁር አፈሩን ጉብታና ቦይ እያወጣ ሲያጠነፍፍ የኖረ ነው። የከተማው ጓሮ ግን ያንን ረስቶ በሲሚንቶ አጥር መሐል ጠፍጣፋ መደብ ይሠራል፤ የጣሪያው አሸንዳም አንዳንዴ እዚያው ላይ ይወርዳል።

በባልዲ፣ በጆንያና በጄሪካን የሚተክል ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ዕቃውን አዘንብሎ ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩን ይይ። ቀዳዳ የሌለው ባልዲ ውስጥ የታመመ ተክልን የሚፈውስ ምንም ዓይነት መድኃኒት የለም፤ ምስማር ግን ይፈውሰዋል።

የውሃ መዛባት ከሚያመጣቸው ሁሉ በስሕተት «በሽታ» ሲባል የሚኖረው የቲማቲም ቂጥ መጥቆር ነው። ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ከታች በኩል ቡናማ ሆኖ ይጠቁራል፣ ቆዳ መስሎ ይደርቃል። ይህ የካልሲየም ጉዳይ ነው፤ አፈሩ ካልሲየም ስለሌለው ግን አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶታል። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። ሦስት ቀን ደርቆ በአራተኛው ቀን የተጥለቀለቀ ተክል መንገዱ ይቆረጥበታል፤ የመጨረሻዋ የፍሬው ጫፍ ትራባለች። ዩቲዩብ ያዘዘው የእንቁላል ቅርፊት በዚህ ዓመት ለሚገኘው ቲማቲም አይደርስም፤ ቅርፊት አፈር ውስጥ የሚሟሟው በጣም ቀስ ብሎ ነው። የሚጠቅመው የጠቆረውን ፍሬ ቆርጦ መጣል፣ ከግንዱ ሥር ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዞ እርጥበቱን እኩል ማቆየትና ውሃውን በየጊዜው መጥኖ መስጠት ነው። የሚቀጥለው ዘለላ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

የአፈር ርሃብ ከውሃው ቀጥሎ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ስሕተቱም ቀላል ነው። ቅጠሉ የገረጣበት ጎመን በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ዙሪያውን ቢደረግለትና ቢኮተኮት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱ ቅጠል መልኩን ይለውጣል። አሮጌው ቢጫ ቅጠል አይመለስም፤ እሱን እያዩ አልዳነም ማለት ትርፉ ማዳበሪያ መደራረብ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በእፍኝ ተዘግኖ ግንዱ ሥር ከተበተነ ጨው ሆኖ ሥሩን ያቃጥላል። ለአንድ ተክል ከሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ ከግንዱ ስንዝር ርቆ፣ አፈር ለብሶ፣ ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ይጠቅማል። ትኩስ የዶሮ ኩስና ከበረት ገና የወጣ እበትም ያቃጥላሉ፤ ጥቂት ወራት ተከምረው መብሰል አለባቸው።

አመድስ? አመድ ከባህላዊ መድኃኒቶቻችን ሁሉ ብዙ ክብር ያገኘው ነው፣ ክብሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፣ የአሲዳማ አፈርን ኮምጣጣነት እንደ ኖራ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለቀይ አፈር መልካም ነው። ችግሩ ሰዉ እየለመደ በየሳምንቱ ሲያፈስሰው ነው። አመድ የበዛበት አፈር ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይነጣል፤ ባለቤቱም ታመመ ብሎ አመድ ይጨምራል። አመድን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር መቀላቀልም ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ወደ አየር መስደድ ነው፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ያ ነው።

ስለ ብርድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ሱሉልታ፣ ሆለታና ሰበታ አካባቢ ውርጭ ይወርዳል፤ ድንችና ቲማቲም በአንድ ሌሊት የተቀቀለ ይመስላል። ድንች ሥሩ ካልሞተ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ቲማቲም እምብዛም። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው ወቅት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ቲማቲሙ አብቦ አበባው ይረግፋል። በዱባይና በሪያድ በረንዳ ላይ ቲማቲም የተከሉ ወገኖቻችን ያው የአበባ መርገፍ በሙቀት ምክንያት ያገኛቸዋል። ሁለቱም ወቅት እስኪያልፍ መታገሥ እንጂ መርጨት አያስፈልጋቸውም። የቲማቲም ችግኝ ቅጠሉ ከሥር በኩል ሐምራዊ ቢሆን አፈሩ ቀዝቅዞ ፎስፈረሱን መሳብ አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ሲመለስ ራሱ ይስተካከላል።

አሁን አፍ ያላቸው ጠላቶች። የጎመን ዋና ጠላት ክሽክሽ ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ግድ ይላል፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ግራጫ ክምር ሁሉ ነፍስ ያለው ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ የምትራባ፣ እንቁላል ሳትጥል ልጅ የምትወልድ ነፍሳት ናት፤ ዛሬ አሥር ያዩ ሰው በሳምንቱ መቶዎች ቢያገኝ አይግረመው። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ከታየም የሚጣፍጥ ፈሳሿን ፍለጋ ነው፤ ጠላቶቿንም ያባርርላታል። እዚህ ላይ የቤት መድኃኒት ከመደብሩ መድኃኒት አያንስም። በኃይለኛ ውሃ ቅጠሉን ከሥር ማጠብ፣ በጣም የከፋውን ቆርጦ መጣል፣ ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ አመሻሽ ላይ ነፍሳቷን እስኪያርስ መርጨት። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም፤ በአምስተኛው ቀን መድገም ያስፈልጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ከመርጨት በፊት አንድ ነገር ይታይ። በክሽክሹ መሐል አብጠው ነሐስ መልክ የያዙ፣ የማይንቀሳቀሱ ጥቂቶች ካሉ ውስጣቸው የጥገኛ ተርብ እጭ አለ፤ ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ተርብ ወጥታ ሌሎቹን ትወጋለች። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛም ልጆቿም ክሽክሽ በላተኞች ናቸው። እነዚህ በርከት ብለው ከታዩ እጅን መሰብሰብ ይሻላል፤ ሁሉን የሚፈጀው ፀረ ተባይ እነሱንም ይፈጃቸዋል፣ ቀድማ የምታገግመው ደግሞ ክሽክሿ ናት።

ጠዋት ላይ ችግኙ ከመሬቱ ጋር ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። ከግንዱ ዙሪያ አፈሩን ጥቂት ጫር ሲያደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። የተቆረጠው አይመለስም፤ ለቀሩት ግን የሃይላንድ ፕላስቲክ በቀለበት መልክ ቆርጦ በችግኙ ዙሪያ መትከል ይበቃል።

ቲማቲም ላይ ነገሩ ከብዷል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ከደቡብ አሜሪካ የተነሣች ትንሽ የእሳት ራት በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ገባች፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሯ ታወቀ። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብታ ሥጋውን ትበላለች፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ስስ መስኮት ይመስላል፣ ውስጡም ጥቁር ፋንድያዋ ይታያል። ለብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ መላመዷ በዓለም ዙሪያ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ መደብር ሄዶ ጠንካራውን ማለት ዋጋ የለውም። ጓሮ ውስጥ ግን ከሰፊ እርሻ የተሻለ ዕድል አለ፦ ቅጠሎቹ የሚቆጠሩ ናቸው። መስኮት ያወጡትን በየሁለት ቀኑ ለቅሞ በጥቁር ላስቲክ አሥሮ ፀሐይ ላይ መጣል ብዙ ይረዳል።

እውነተኞቹ በሽታዎች ላይ ስንደርስ የማዳን ወሬ ይቀንሳል። በክረምት የድንችና የቲማቲም ቅጠል ላይ የሚወርደው፣ ሰዉ «ምች መታው» የሚለው፣ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ታላቁን ረሃብ ያስከተለው ያው ተሕዋስ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፤ የሐምሌና የነሐሴ አዲስ አበባ የተመቸው ቤቱ ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠል ባለበት ማለዳ ቅጠሉን ቢገለብጡት በጠባሳው ዳር ዳር ነጭ ብናኝ ይታያል። ያ ብናኝ ዘሩ ነው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት መደቡን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። እንደ ማንኮዜብ ያሉት ኬሚካሎች ሊከላከሉ የሚችሉት ገና ያልነካውን ቅጠል ነው። ድንች ከሆነ አገዳውን ከመሬት ቆርጦ ማራቅና ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ መቆፈር የአፈር ውስጡን ያተርፋል፤ ወዲያው ከተቆፈረ ብናኙ ድንቹ ላይ ያርፋል። ለከርሞ ያለው መፍትሔ ዘር ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የተሻለ ተቋቋሚነት ስላላቸው ታዋቂ ሆነዋል፤ ይህ ችሎታ ግን በጊዜ ብዛት ይደክማል። ከሱቅ የተገዛ የወጥ ድንች መትከል ግን ምቹን በገዛ እጅ ጠርቶ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ክፉ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ትላንት አረንጓዴ የነበረ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቢጫ እንኳ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ውሃ ቢያጠጡት አይነሣም። ይህን በቤት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ጣት ያህል ቆርጦ፣ በንጹሕ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ብቻ እንዲነካ አንጠልጥሎ መያዝ። እጅን አለማነቃነቅ፤ ብርጭቆውን ጥቁር ነገር ፊት ማድረግ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ቀጭን የወተት ክር የመሰለ ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ከታየ ያ የሚፈስሰው ባክቴሪያው ራሱ ነው። ክር ካልወረደና የግንዱ ውስጥ ቡናማ ከሆነ ፈንገስ ይጠረጠራል። ባክቴሪያው ከሆነ የቤት መድኃኒትም የመደብር መድኃኒትም የለውም፤ ተክሉ ከነአፈሩ ይወጣል፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓድም አይጣልም።

ቢላዋና መቁረጫም አብረው ይታሰቡ። የእንሰት አጠውልግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቁት ወዲህ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ በሽታው ከእንሰት ወደ እንሰት የሚሄደው በገበሬው ቢላዋ ጭምር መሆኑ ነው። የደቡብ አርሶ አደር ቢላዋውን በእሳት ሲያሳልፍ የከተማው አትክልተኛ የታመመውን በቆረጠበት መቀስ ጤነኛውን ይከረክማል። በአልኮል መጥረግ በቂ ነው። ቫይረስም እንዲሁ በእጅ ይሄዳል። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ከሲጋራ አጫሽ ጣት ወደ ቲማቲም ሊተላለፍ ይችላል፤ ቅጠሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ይሸበሸባል፣ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ «የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፈህ እርጭ» የሚለው ያገር ቤት ምክር ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው፤ ኒኮቲኑ ለረጪውም ለበላተኛውም መርዝ ነው።

ከቤት መድኃኒቶች ሁሉ ሳይንስ ቀድሞ ያልጠበቀው ግን የወተቱ ነው። ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ወተትን በውሃ አቅጥኖ ዝኩኒ ላይ በመርጨት ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውን የቅጠል በሽታ መግታት እንደሚቻል አሳየ፤ አንድ እጅ ወተት ለዘጠኝ እጅ ውሃ ያህል ይበቃል። በዛሬው የወተት ዋጋ ማን ያደርገዋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የወተት ማሰሮ እጣቢ ግን አለ። ይህ በሽታ ተክሉን ወዲያው ስለማይገድል የማስታመም ዋጋ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ክፉኛ የነጡትን ቅጠሎች መቁረጥና አየር እንዲገባ ማሳሳትም ይረዳል። የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውሃ ነፍሳትን ለአንድ ሁለት ቀን ያርቅ ይሆናል፤ በሽታ አይፈውስም። የኒም ፍሬ ጭማቂ ከዚህ ይሻላል፤ ነፍሳት መብላትና ማደግ እንዲያቆሙ ያደርጋል፣ ፀሐይ ግን በጥቂት ቀን ያፈርሰዋል። የቡና አተላ ከብስባሹ ጋር ቢገባ መልካም ነው፤ በቀጥታ ከግንዱ ሥር ከተከመረ ደርቆ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም።

የመደብሩን መድኃኒት ጨርሶ የምነቅፍ አይደለሁም። ከወይን ማሳ የተገኘው የመዳብና የኖራ ድብልቅ ራሱ ታሪኩ ያስቃል፦ የቦርዶ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይሰርቅ ዳር ዳሩን ያስቀይሙበት ነበር፤ ሚያርዴ የተባለው የእጽዋት ሊቅ የተቀባው ወይን ከበሽታ መትረፉን አይቶ በ1885 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቀ። የማልስማማው ስሙ ሳይጻፍበት በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ዱቄት ነው። የምን መድኃኒት እንደሆነ፣ በስንት ሊትር እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ የማይናገር ነገር ልጆች በሚቀጥፉት ጎመን ላይ መውጣት የለበትም። በተውሶ የመጣ መርጫም ያው አደጋ አለው። ስንዴ ወይም ጤፍ ላይ የአረም መድኃኒት ቱ ፎር ዲ ከረጨ፣ በደንብ ካልታጠበ፣ ቅሪቱ ብቻ የቲማቲሙን ቀንበጥ ጠምዝዞ ጅራፍ ያስመስለዋል። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል፤ አንዳንዴ ባለሙያም ይሳሳታል።

ለምለም መሆን ሁልጊዜ ጤና አለመሆኑንም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ቅጠሉ ግን ያማረ ነው። ለጓሮው ከወንዝ የሚቀዳ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ሲመርጥ የሚያስበውን ያህል ቢያስብ አይከፋም።

እንግዲህ የታመመውን መቼ ማስታመም፣ መቼ መንቀል? ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ዕድል ይሰጣሉ። ሥራቸው ነጭ ከሆነ የተጎዳውን ቅጠል ሁሉ አውርዶ፣ እምብርቱን ብቻ ትቶ፣ ብስባሽ አልብሶ መጠበቅ ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት አዲስ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ ዳነ፤ አዲሱም ታሞ ከወጣ መነቀል አለበት። ሰላጣ ግንዱን አስረዝሞ ካበበ አይመለስም፣ ቅጠሉም ይመራል። ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ራሱ ላይ ነጭ ሻጋታና ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎች ከተገኙበት ነጭ ብስባሴ ነው፤ እነዚያ እንክብሎች አፈር ውስጥ 20 ዓመት ያህል ስለሚኖሩ እዚያ መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም ባሮም ተመልሶ አይተከልም። ከመደቡ የወጣው አፈር በአካፋና በጫማ ወደ ሌላው እንዳይሄድም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በብርጭቆው ውስጥ የወተት ክር ያወረደው ቲማቲም ከተነቀለ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ቃሪያ ወይም ድንች መትከል በሽታውን መቀለብ ነው፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ለጥቂት ዓመታት በቆሎ፣ ሽንኩርትና ጎመን ይዙሩበት። ቦታ የጠበበው ደግሞ ቲማቲሙን ቀዳዳ ባለው ባልዲ ውስጥ፣ ከሌላ ሥፍራ በመጣ አፈር፣ ከዚያ መደብ ዝቅ ሳይሆን ከፍ ብሎ ያስቀምጠው፤ የክረምቱ ጎርፍ ከታመመው መደብ የሚወስደው ሁሉ ወደ ታች ነውና።